ሰውዬው የየትኛው ክፍለ ከተማ ነዋሪ ነው?

(አራት ኪሎ አካባቢ በሚገኝ አንድ ቤተ መጻሕፍት አዳራሽ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል።)

እንደምን ዋላችሁ። በዚህ ዝናብ መምጣታችሁ ራሱ ውለታ ነው። እኔም ከፒያሳ እስከዚህ በእግሬ ነው የመጣሁት። ካልሲዬ እስኪደርቅ ድረስ ብንተባተብ አትፍረዱብኝ።

በቤተሰብ ጉዳይ ልጀምር። ባለፈው ዓመት የእህቴን ቴሌግራም ወሰዱባት። እንዴት እንደሚወስዱ ታውቃላችሁ። ከምታውቀው ሰው መልእክት መጣላት። «በስህተት አንቺ ጋ ኮድ ልኬ ነው፣ መልሰሽ ላኪልኝ» ይላል። ላከች። ሰውዬው በስሟ ገብቶ ለዘመድ አዝማድ ሁሉ መጻፍ ጀመረ። «ቸግሮኝ ነው፣ ነገ ጠዋት እመልሳለሁ።» ደሴ ያለችው አክስታችን ነፍሷ የዋህ ናት። 15 ሺህ ብር ላከች። ልካ ስታበቃ ደግሞ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ለመመለሱ አትቸኩዪ» ብላ ጻፈችለት።

ጣቢያ ሄድን። የተቀበለን መርማሪ ትሁት ልጅ ነው። ቅጽ አወጣ። የተበዳይ ስም፣ አድራሻ፣ ስልክ፤ ሞላ። ከዚያ ወደ ተጠርጣሪው መጣ። ቀና ብሎ አየንና «ሰውዬው የየትኛው ክፍለ ከተማ ነዋሪ ነው?» አለን።

እህቴ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ቅጹ ላይ ቦታው አለ፤ መሞላት አለበት። ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥር።

ማታውን ለጓደኞቼ እንደ ቀልድ አወራሁት። በኋላ ግን ቀልድነቱ እየቀነሰብኝ መጣ። እኔ ሥራዬ ኔትወርክ መዘርጋትና መጠገን ነው። ፖሊስ አይደለሁም፣ ጠበቃም አይደለሁም። የዳርክ ዌብ የክስ መዝገቦችንና የፖሊስ መግለጫዎችን ማንበብ ግን ሱስ ሆኖብኛል። ሰው ማታ ማታ ኳስ ያያል፣ እኔ ክስ አነባለሁ። ባነበብኩ ቁጥር የዚያ ልጅ ጥያቄ ይመጣብኛል። የአሜሪካው የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ኤፍቢአይም፣ የሆላንድ ፖሊስም፣ የጀርመን ዓቃቤ ሕግም መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱኑ ነው። ሰውዬው የት ነው? ያለበት ቦታ የማን ወረዳ ነው? ዛሬ የማወራችሁ ይህን ጥያቄ እንዴት እንደመለሱት ነው፤ አንዳንዴም እንዴት እንዳቃታቸው። ቀኑንም፣ ወሩንም፣ ዓመቱንም በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ። ሰባት ስምንት መቀነሱን ለናንተ ትቻለሁ።

ዳርክ ዌብ ምን እንደሆነ ቶሎ ልበል። ከመርካቶ ቦሌ ላለ ሰው ዕቃ መላክ ፈለግሁ እንበል። ማን እንደላከው እንዳይታወቅ በሦስት ልጆች አቀባብዬ እልከዋለሁ። የመጀመሪያው ልጅ እኔን ያውቀኛል፤ ቦሌ ማን እንደሚቀበል ግን አያውቅም። መሐለኛው የሚያውቀው ሁለቱን ልጆች ብቻ ነው። ሦስተኛው ተቀባዩን ያውቃል፤ እኔን አያውቀኝም። ዕቃው ደግሞ በሦስት ፌስታል ተደራርቦ ታስሯል። እያንዳንዱ ልጅ የሚፈታው የራሱን ፌስታል ብቻ ነው። ቶር የሚባለው ሥርዓት በግርድፉ ይኸው ነው። ድረ ገጹ ራሱም በዚሁ መንገድ መደበቅ ይችላል፤ ዳርክ ዌብ የምንለው እንዲህ የተደበቁትን ድረ ገጾች ነው። ያን ጊዜ ገዢው ሻጩን አያውቅም፣ ሻጩም ገዢውን፣ ፖሊስ ደግሞ ሁለቱንም።

ስሙ ከሽንኩርት የመጣ ነው፤ ልጣጭ በልጣጭ ስለሆነ። ሐሳቡን በ1990ዎቹ አጋማሽ የጀመሩት የአሜሪካ ባሕር ኃይል የምርምር ላቦራቶሪ ሰዎች ናቸው እንጂ ሌቦች አይደሉም። ዛሬም ጋዜጠኞች ምንጮቻቸውን ይጠብቁበታል። ፌስቡክ ከ2014፣ ቢቢሲ ከ2019 ጀምሮ በቶር የሚከፈት አድራሻ አላቸው። ስለዚህ ቶር የጫነ ሁሉ ወንጀለኛ ነው የሚላችሁን አትስሙ። ቢላዋም ሽንኩርት ይከትፋል።

አሁን ወደ ገበያው እንግባ። 2011 ላይ ሲልክ ሮድ የሚባል ገበያ በቶር ላይ ተከፈተ። በዋናነት ዕፅ ይሸጥበታል፤ ክፍያው ቢትኮይን በሚባለው የበይነመረብ ገንዘብ ነው። ገዢዎች ለሻጩ ኮከብ ይሰጣሉ፣ አስተያየት ይጽፋሉ። «በሰዓቱ ደርሶኛል፣ አመሰግናለሁ» ምናምን። ባለቤቱ በቅጽል ስም ብቻ ነው የሚታወቀው። ከሁለት ዓመት ተኩል በላይ ሠራ።

ይህን ሰው ያገኘው ምን የመሰለ ረቂቅ ማሽን ይመስላችኋል? ጉግል ነው። አንድ የአሜሪካ ግብር መሥሪያ ቤት መርማሪ «ይህን ገበያ በይነመረብ ላይ መጀመሪያ ስሙን የጠራው ማን ነው?» ብሎ ወደ ኋላ ፈለገ። አንድ ቅጽል ስም አገኘ። ያ ቅጽል ስም በሌላ ቦታ ባለሙያ መቅጠር ፈልጎ ማስታወቂያ አውጥቷል። ለማመልከቻ ያስቀመጠው ኢሜይል ደግሞ ሙሉ ስሙ ያለበት የግል አድራሻው ነው፤ ሮስ ኡልብሪክት። በሌላ በኩል የአይስላንድ ፖሊስ ሬይኪያቪክ ውስጥ የነበረውን ሰርቨር፣ ገበያው የተቀመጠበትን ኮምፒውተር ማለት ነው፣ ገልብጦ ለኤፍቢአይ አስረከበ። አንዱ ስሙን፣ ሌላው ቤቱን አመጣ ማለት ነው።

የተያዘው ጥቅምት 1 ቀን 2013 ሳንፍራንሲስኮ፣ ልክ እንዲህ ያለ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ችግሩ ላፕቶፑ ነበር። ከከደነው ይቆለፋል፤ ከተቆለፈ ማስረጃው አለቀለት። ስለዚህ ከኋላው አንድ ወንድና አንዲት ሴት እንደ ባልና ሚስት መጨቃጨቅ ጀመሩ። ዞር አለ። በዚያች ቅጽበት ላፕቶፑን እንደተከፈተ ከፊቱ አነሱት። ባልና ሚስቱም ፖሊሶች ነበሩ። እናንተም ላፕቶፕ ከፍታችሁ የተቀመጣችሁ ልጆች፣ ከኋላችሁ ጠብ ብትሰሙ አትዙሩ።

2015 ላይ ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ጥር 2025 ላይ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ይቅርታ አድርገውለት ወጣ። ስለዚያ ብዙ መከራከር ይቻላል፤ አልገባበትም። የማነሣው ሌላ ነገር ነው። ምርመራውን ከያዙት የአሜሪካ መርማሪዎች ሁለቱ ራሳቸው ቢትኮይን ሰርቀው ተፈረደባቸው። እያንዳንዳቸው ስድስት ዓመት አካባቢ። ሌባ ሲያሳድዱ ሌባ ሆኑ። ይህን ያዙልኝ፤ ምክንያቱም የዛሬው ወሬዬ በሙሉ ስለ መተማመን ነው። ወንጀለኞቹ የማያውቁትን ሰው ማመን አለባቸው፤ ገበያው ያለዚያ አይቆምም። ፖሊሶቹም የማያውቁትን የሌላ አገር ፖሊስ ማመን አለባቸው፤ ምርመራው ያለዚያ አይንቀሳቀስም። እንደኔ ግምት ፉክክሩ ቀድሞ መተማመን የሚያጣው ማን ነው በሚለው ላይ ነው።

ከሁሉ የምወደው ታሪክ የ2017ቱ ነው። ልብ ብላችሁ ስሙኝ።

በዚያን ጊዜ ትልቁ ገበያ አልፋቤይ ይባላል። ከ200 ሺህ በላይ ተጠቃሚ፣ 40 ሺህ ሻጭ ነበረው። የሚያስተዳድረው ባንኮክ የሚኖር ካናዳዊ ወጣት ነው። ቪላ ቤት፣ ላምቦርጊኒ መኪና። ስህተቱ ምን መሰላችሁ? ገበያው እንደተከፈተ ለአዲስ ተመዝጋቢ የሚላከው የእንኳን ደህና መጣህ ኢሜይል ውስጥ፣ ከላይ በማይነበበው ክፍል፣ የግል የሆትሜይል አድራሻው ተቀምጦ ነበር። ልጅ እያለ ያወጣው አድራሻ። በሦስት ልጆች፣ በሦስት ፌስታል ተደብቆ፣ ፌስታሉ ላይ ስሙን ጻፈበት ማለት ነው።

በዚያው ሰሞን የሆላንድ ፖሊስ ሃንሳ የሚባል ሌላ ገበያ ይከታተላል። አስተዳዳሪዎቹ ሁለት ጀርመናውያን ናቸው። ሰርቨሩ ሊትዌኒያ ነው። ሆላንዶች ቢፈልጉ ሊዘጉት ይችሉ ነበር። አልዘጉትም። ሰኔ 20 ቀን የጀርመን ፖሊስ ሁለቱን ሰዎች ከቤታቸው ያዛቸው። በዚያው ቀን ሆላንዶች ገበያውን እንዳለ ወደ ራሳቸው ሰርቨር አዛወሩት። ሱቁ ክፍት ነው፤ ዕቃው አለ፤ ባለሱቁ ብቻ ተቀይሯል። ባንኮኒው ጀርባ የቆመው ፖሊስ ነው። ከደንበኞቹ አንድም የነቃ የለም።

ሁለት ሳምንት ቆይቶ፣ ሐምሌ 5 ቀን፣ ባንኮክ ላይ አንድ መኪና የዚያን ቪላ በር ገጨ። ተሳስተው የገቡ የሚመስሉ ሰዎች ናቸው። ባለቤቱ «ምን ሆናችሁ?» ሊል ወጣ። የታይላንድ ፖሊስ ያዘው። ላፕቶፑ መኝታ ቤት ውስጥ ተከፍቶ ነበር። በሳምንቱ ሰውዬው እስር ክፍሉ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ፍርድ ቤት ቀርቦ ሊሰማ የሚችል ነገር ሁሉ አብሮት ተቀበረ።

አልፋቤይ ጠፋ። ፖሊስ ግን ትንፍሽ አላለም። ደንበኞቹ ምን አሰቡ? ባለቤቱ ገንዘባችንን ይዞ ጠፋ አሉ። ዕቁብ ሰብሳቢ ተሰውሮባችሁ ያውቃል? ልክ እንደዚያ። እየተራገሙ ሌላ ገበያ ፍለጋ ሄዱ። የት? ሃንሳ። የሃንሳ አዲስ ተመዝጋቢ በአንድ ጊዜ ስምንት እጥፍ ሆነ። ከአንዱ በር አባረሩ፣ በሌላው በር ቆመው ተቀበሉ።

ሆላንዶች በ27 ቀን ውስጥ የሠሩትን ስሙ። የተጠቃሚዎችን ፓስወርድ ሳይመሰጠር ማስቀመጥ ጀመሩ። ሰው ደግሞ ያው ነው፤ አንድ ፓስወርድ አስር ቦታ ይጠቀማል። በገዢና በሻጭ መሐል የሚላከውን የመላኪያ አድራሻ ከመመስጠሩ በፊት አነበቡት። ቀድሞ ድረ ገጹ ከፎቶ ላይ የተነሣበትን ቦታ የሚያሳየውን መረጃ በራሱ ያጠፋ ነበር። እነሱ ከመጥፋቱ በፊት መዘገቡት። ከዚያ «ብልሽት አጋጥሞናል» ብለው ያሉትን ፎቶዎች ሰረዙ። ሻጮቹ እያማረሩ እንደገና ጫኑ፤ ከነአድራሻቸው። ወደ 10 ሺህ የሚጠጋ የውጭ ገዢ አድራሻ የአውሮፓ ፖሊሶችን ለሚያገናኘው ለዩሮፖል ተላለፈ፤ ከዚያ ወደ እያንዳንዱ አገር። ሐምሌ 20 ቀን ሁለቱም ገበያዎች መዘጋታቸው በአንድ ቀን ተነገረ።

አሁን አንድ የከረረ ጥያቄ አለ። ፖሊስ 27 ቀን ዕፅ የሚሸጥበትን ሱቅ ያስተዳድራል? በዚያ ወር ውስጥ የተሸጠው ተሽጧል። ገዳይ የሆነውን ፌንታኒል አግደው ነበር፤ ደንበኞቹ እንዲያውም «ጥሩ አስተዳደር» ብለው አመሰገኑ። ሌላው ግን ቀጠለ። እኔ ስለዚህ ነገር ግማሽ ልቤ ነው። ብልሃቱን አደንቃለሁ። ከተሸጠው ዕፅ የሞተ ልጅ ካለ ግን ለእናቱ ምን ይባላል? የዚህን መልስ ሆላንድ ውስጥ ዓቃቤ ሕግና ዳኛ ሊጠይቁት ይችላሉ። ዳኛው መጠየቅ የማይችልበት አገር ላይ ይህንኑ ዘዴ አስቡት። ትብብሩን ስናደንቅ የሚያስፈራኝ ይህ ክፍሉ ነው።

ያም ሆነ ይህ፣ ሃንሳ ላይ የተሰበረው ሰርቨር ብቻ አይደለም። ከዚያ በኋላ አዲስ ገበያ የከፈተ ሁሉ «ይኼ ደግሞ ፖሊስ ይሆን?» ተብሎ ይጠረጠራል።

እውነቱን ለመናገር ግን ገበያው አልጠፋም። ሜክሲኮ አካባቢ ማታ የምትሄዱ ታውቁታላችሁ። ልጆቹ መሬት ላይ ሸራ ዘርግተው ጫማ ይሸጣሉ። አንዱ «ደንብ መጣ!» ይላል። አራቱን ጫፍ ሰብስበው ይሮጣሉ። አምስት ደቂቃ ቆይታችሁ በሚቀጥለው ማዕዘን ስታልፉ ሸራው ተዘርግቷል። ዋጋው እንኳን አልተቀየረም። ዳርክ ዌብም እንደዚያው ነው። ልጆቹን ከዕፅ ነጋዴ ጋር ማመሳሰሌ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ፤ እነሱ ጫማ ነው የሚሸጡት።

በ2021 መጀመሪያ ዳርክማርኬት የሚባለው ተያዘ። ወደ ግማሽ ሚሊዮን ተጠቃሚ ነበረው። እስቲ የጣቢያችንን ቅጽ አውጡና አብረን እንሙላ። ተጠርጣሪው አውስትራሊያዊ ነው። የተያዘው ጀርመን፣ ዴንማርክ ድንበር አጠገብ። ሰርቨሮቹ ሞልዶቫና ዩክሬን። ገንዘቡ ቢትኮይንና ሞኔሮ የሚባል ሌላ የበይነመረብ ገንዘብ። ክፍለ ከተማ? ሰኔ 2025 ደግሞ አርኬቲፕ ተዘጋ። ከ600 ሺህ በላይ ተጠቃሚ፣ ቢያንስ 250 ሚሊዮን ዩሮ ያገላበጠ ገበያ። ሰውዬው ጀርመናዊ፣ የተያዘው ባርሴሎና፣ ሰርቨሩ ሆላንድ። ወረዳ? የቤት ቁጥር?

ፖሊስም ያጋንናል፤ ይህንንም እንበል። 2014 ላይ 17 አገሮች የተሳተፉበት ዘመቻ ተደርጎ ነበር። ከ400 በላይ ድብቅ ድረ ገጾች ዘጋን ተባለ። ሲጣራ 400ው አድራሻ ነው፤ ድረ ገጾቹ ወደ 27 ናቸው። አንድ ሱቅ አስር በር ቢኖረው አስር ሱቅ አይባልም። ቁጥር ስትሰሙ በሩን ነው ሱቁን የቆጠሩት ብላችሁ ጠይቁ።

አሁን ወደ ከበደው ልግባ። ቤት ውስጥ ትንንሽ ልጆች ስለሌሉ ነው። ዳርክ ዌብ ላይ በሕፃናት ላይ የሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃት ቪዲዮ የሚሸጥባቸው ቦታዎች አሉ። አንደኛውን ደቡብ ኮሪያ የሚኖር የሃያዎቹ መጀመሪያ ወጣት ከቤቱ ያንቀሳቅሰው ነበር። ክፍያው በቢትኮይን ነው። ብዙ ሰው ቢትኮይን ስውር ይመስለዋል። አይደለም። ቢትኮይን ሁሉም ሰው ሊያየው የሚችል የሒሳብ መዝገብ ነው፤ ስም የለውም እንጂ እያንዳንዱ ዝውውር ተጽፏል። ወደ እውነተኛ ገንዘብ የሚቀየርበት ቦታ ስትደርስ ደግሞ መታወቂያ ትጠየቃለህ። መርማሪዎቹ መዝገቡን ተከትለው ከፋዮቹን አንድ በአንድ ለቀሙ። ጥቅምት 2019 ላይ ሲነገር በ38 አገሮች 337 ሰዎች ተይዘው ነበር። ቢያንስ 23 ሕፃናት ከሚያጠቋቸው ሰዎች እጅ ወጥተዋል። እነዚህ 23 ልጆች ናቸው እኔን ይህን ነገር ማንበብ እንዳላቆም ያደረጉኝ።

ባለቤቱስ? አገሩ ላይ በቪዲዮዎቹ የተፈረደበት አንድ ዓመት ተኩል ነው። አልተሳሳትኩም፤ አንድ ዓመት ተኩል። ቪዲዮ ካወረዱት ደንበኞቹ አንዳንዶቹ አሜሪካ ውስጥ ከዚያ ብዙ እጥፍ ተፈርዶባቸዋል። አሜሪካ ተላልፎ ይሰጠኝ አለች። የሴኡል ፍርድ ቤት 2020 ላይ እምቢ አለ። ኮሪያ ውስጥ ሕዝቡ በቁጣ ነደደ። ፖሊሶቹ ተስማምተዋል፤ ሕጎቹ አልተስማሙም።

ሌላው ገደብ ድንበር ሳይሆን ኩርፊያ ነው። የካቲት 2024 የእንግሊዝ ፖሊስ፣ ኤፍቢአይና ሌሎች ሎክቢት የሚባለውን ቡድን ሰበሩት። የሰው ኮምፒውተር ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቡድን ነው፤ ሆስፒታል እንኳን አይምርም። ፖሊሶቹ የቡድኑን ገጽ ወርሰው፣ እሱ ተጎጂዎችን በሚያስፈራራበት የሰዓት ቆጣሪ የራሱን ምሥጢር እያወጡ አሾፉበት። ግንቦት ላይ የመሪውን ስምና ፎቶ አወጡ። ሩሲያዊ ነው። አሜሪካ እስከ 10 ሚሊዮን ዶላር ወሮታ መደበች። ስሙ ታውቋል፣ መልኩ ታውቋል፣ አገሩ ታውቋል። ክፍለ ከተማው ሞልቶላችኋል! ሊያመጣው የሚችል ግን የለም።

የሚገርመው ደግሞ ተቃራኒው አለ። ሃይድራ የሚባለውን ትልቁን የሩሲያኛ ገበያ ሰርቨሩን የያዘው የጀርመን ፖሊስ ነው፤ ሚያዝያ 2022፣ የዩክሬን ጦርነት ከተጀመረ በሁለተኛው ወር። 543 ቢትኮይን አብሮ ተያዘ። 17 ሚሊዮን የደንበኛ አካውንት ነበረው። በታኅሣሥ 2024 ደግሞ የሞስኮ ፍርድ ቤት በገበያው መሥራች ላይ ዕድሜ ልክ ፈረደ። ሁለቱ አገሮች ተኮራርፈዋል፤ ግማሽ ግማሹን ግን ሁለቱም ሠሩት።

ታዲያ ሲተባበሩ እንዴት ነው የሚተባበሩት? ፊልም ላይ የኢንተርፖል ፖሊስ ካቴና ይዞ በአውሮፕላን ይወርዳል። የለም እንዲህ ያለ ሰው። ኢንተርፖል ሊዮን ፈረንሳይ የተቀመጠ፣ 196 አባል አገሮች ያሉት የመልእክት ማዕከል ነው በሉት። ቀይ ማስጠንቀቂያ የሚባለውም በራሱ የእስር ማዘዣ አይደለም። ዩሮፖልም ዘ ሄግ ላይ ሆኖ መረጃ ያገናኛል፤ ማንንም የማሰር ሥልጣን የለውም። የሚያስረው ሁልጊዜ የአገሩ ፖሊስ ነው።

መደበኛው መንገድ ደብዳቤ ነው። የአንዱ አገር ዓቃቤ ሕግ ይጽፋል፣ በሚኒስቴር በኩል ይሄዳል፣ ይተረጎማል፣ የሌላው አገር ፍርድ ቤት ያየዋል። ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል። ሰርቨር ላይ ያለው ማስረጃ ግን በሳምንታት ሊጠፋ ይችላል። እኔ ሰርቨር ስለማስተዳድር አውቀዋለሁ፤ ቦታ ሲጠብ መጀመሪያ የምንሰርዘው የድሮ መዝገብ ነው። ለዚህ ነው በ2001 የቡዳፔስት የሳይበር ወንጀል ስምምነት ሲወጣ እያንዳንዱ አባል በቀን 24 ሰዓት፣ በሳምንት ሰባት ቀን ስልክ የሚያነሣ ሰው ይመድብ የተባለው። ለዚህ ነው ከ2014 ጀምሮ ዘ ሄግ ውስጥ የተለያዩ አገሮች የሳይበር መርማሪዎች በአንድ ቢሮ የተቀመጡት። ቴክኖሎጂ አይምሰላችሁ። ጎረቤት ጠረጴዛ ነው። «እንትና፣ ይህን አድራሻ እየልኝ» የሚባልበት ርቀት። አገራችን ውስጥ ጉዳይ ለማስፈጸም የሚያውቁትን ሰው መፈለግ እንደሚቀለው፣ እነሱም የሚያውቁትን ሰው አመቻችተው አስቀመጡት።

ወደ አህጉራችን ስንመጣ፣ የአፍሪካ ኅብረት አፍሪፖል የሚባል የፖሊስ ትብብር ተቋም አለው፤ መቀመጫው አልጀርስ ነው። የማላቦ ስምምነት የሚባለው የኅብረቱ የሳይበር ደኅንነት ስምምነት በ2014 ጸድቆ በሥራ ላይ የዋለው ሰኔ 2023 ነው። ዘጠኝ ዓመት! ሰርቨሩ በሳምንታት ይሰርዛል ብያችኋለሁ። ሥራው ግን ወረቀቱን ሳይጠብቅ ተጀምሯል። በ2024 መጨረሻ ኢንተርፖልና አፍሪፖል በ19 የአፍሪካ አገሮች ባደረጉት ሴሬንጌቲ የተባለ ዘመቻ 1,006 ሰዎች ተይዘዋል። ከጎረቤቶቻችን ኬንያ ነበረችበት። በቀጣዩ ዓመት ሲደገም ደግሞ 1,209 ተያዙ። አብዛኛው ዳርክ ዌብ አይደለም፤ ማጭበርበር ነው። የአክስቴ ዓይነት።

እኛ ጋ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ፤ ይኼ እንኳን በኛው አቆጣጠር ነው። ዓለም አቀፍ ትብብርን የሚመለከት አንቀጽ አለው። ሐሳብን በነጻነት የመግለጽ መብት ያጠባል ተብሎ ሲወጣም ተተችቷል። በታኅሣሥ 2024 የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ያጸደቀው የሳይበር ወንጀል ስምምነትም ተመሳሳይ ትችት ገጥሞታል። የመብት ድርጅቶች ብቻ ሳይሆኑ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎችም ናቸው የተቹት። ፍርሃታቸው ቀላል ነው። ማስረጃ በፍጥነት የሚያሻግር ድልድይ የሌባውን ብቻ ሳይሆን የጋዜጠኛውንም መረጃ ያሻግራል። ድልድይ ማን እንዳለፈበት አይጠይቅም።

(ከዚህ በኋላ ጥያቄ ተጠይቆ ነበር። ሁለቱን እዚህ አካትቻለሁ።)

አንዲት ወጣት «እዚህ አገር ኢንተርፖልን የሚያገኝ ሰው አለ ወይ?» አለችኝ።

አለ። እያንዳንዱ አባል አገር ብሔራዊ ማዕከላዊ ቢሮ የሚባል አለው። የኛው ፌዴራል ፖሊስ ውስጥ ነው። ያ ጣቢያ ያገኘነው ልጅ ግን ወደዚያ ቢሮ በቀጥታ አይጽፍም። ከጣቢያ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከዚያ ወደ ኮሚሽን፣ ከዚያ ወደ ላይ። ለ15 ሺህ ብር ይህን ሁሉ ደረጃ የሚወጣ ፋይል እንደማይኖር እሱም እኛም እናውቃለን። አታላዮቹም ያውቃሉ። ለዚህ ነው ከአንድ ሰው ሚሊዮን ከመውሰድ ከሺህ ሰው 15 ሺህ የሚወስዱት።

ፊት ለፊት የተቀመጡ አንድ አባት ደግሞ «ልጄ፣ የአክስትህ ገንዘብ ተመለሰ ወይ?» አሉ። አዳራሹ ሳቀ።

አልተመለሰም ጋሼ። ግን ስድስት ወር ቆይቶ ያ መርማሪ ደወለ። ረስቶናል ብለን ነበር። ገንዘቡ የገባበትን ስልክ ባለቤት አግኝቶታል። አንድ ተማሪ ነው፤ በመታወቂያው ያወጣውን ቁጥር በወር ሁለት ሺህ ብር ለማያውቀው ሰው አከራይቷል። ያከራየው በቴሌግራም ነው። ሰውዬውን በአካል አይቶት አያውቅም። የእህቴን አካውንት የወሰደው ስልክ ደግሞ የገባው ከሌላ አገር ነው፤ ከየት እንደሆነ ስክሪኑ ላይ ተጽፎ አይተናል፤ እውነተኛ ይሁን ቪፒኤን፣ ያሉበትን አገር የሚደብቀው መተግበሪያ፣ ማን ያውቃል።

ልንፈርም ሄድን። ልጁ ያንኑ ቅጽ አወጣ። ከስድስት ወር በፊት ባዶ የተወው መስመር ላይ በጥንቃቄ «የካ» ብሎ ጻፈ። ከሥሩ ሌላ መስመር አሰመረና «ሁለተኛ ተጠርጣሪ» አለ። እስክሪብቶውን ክፍለ ከተማ የሚለው ላይ አድርጎ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ቀና ብሎ እህቴን አያትና ፈገግ አለ። በዚህኛው ጊዜ የሳቀው እሱ ነው።